በዕድሩ አድራሻ የላክኩት ማስታወቂያ

ሰውየውን እኔ አልገደልኳቸውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ድምጼ የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ድምጽ እንደሚመስል ስለማውቅ ነው። የሞቱት በራሳቸው ሕመም፣ በራሳቸው አልጋ ላይ ነው። እኔ ያደረግኩት አንዲት ልጃቸው ሳትሰማ እንዲቀበሩ ማድረግ ነው። እሱንም ያደረግኩት መጋረጃ ለመሸጥ ብዬ ነው።

ከመካኒሳ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር የመጋረጃ ሱቅ አለኝ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ሙሉ የተደገፈ የጨርቅ ጥቅል። የኮንዶሚኒየም መስኮት ልክ በቃሌ ነው። ሰው ገብቶ "ባለ አንድ መኝታ" ካለኝ ሜትር አላነሳም፤ የሳሎኑም የመኝታ ቤቱም ቁመትና ስፋት አፌ ላይ ነው። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

የዕድራችን ጸሐፊ የሆንኩት ላፕቶፕ ስላለኝ ብቻ ነው። በስብሰባው ቀን ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ "ኮምፒዩተር ያለው ማነው?" ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ የእኔን እጅ ይዞ አነሳው። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ተመረጥኩ። ቤት ስንገባ ሦስት ቀን አኮረፍኩት።

ያን ጊዜ የዕድሩ ችግር ጥሩምባው ነበር። ሰው ሲሞት በማለዳ እየዞሩ ጥሩምባ የሚነፉ አንድ አዛውንት አሉን። ድሮ አባላቱ ሁሉ አንድ ሰፈር ስለነበሩ ይበቃ ነበር። በኋላ ግማሹ አባል ኮንዶሚኒየም ደርሶት ጀሞ ገባ፣ ልጆቹም በየአገሩ ተበተኑ። ጥሩምባ ነፊው አንድ ቀን ጀሞ ድረስ ሄደው ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ ሲነፉ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት መስኮቷን ከፍታ "የሚሸጡት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ተናደው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ጀሞን አልረገጡም።

ስለዚህ አዲስ መዝገብ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ከእያንዳንዱ አባል ስም ፊት ለፊት "ሲያስፈልግ ለማን ይነገር" የሚል ዓምድ ከፈትን፤ ስልክም ይሁን ኢሜይል ያለው ሁሉ ይጻፍ ተባለ። ለዕድሩም የራሱ የኢሜይል አድራሻ ከፈትኩለት። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ቤት ለቤት ዞርኩ።

ላፍቶ በኩል ያሉት ሽማግሌ ጋ የሄድኩት በዚያ ዙር ነው። ከተማው ሳይመጣባቸው ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ነበሩ። እርሻቸው ላይ ቤት ከተሰራበት ቆይቷል፤ የቀራቸው ሁለት ላምና ከጓሯቸው ያለች የጎመን መደብ ነበረች። ወተት የምንገዛው ከእሳቸው ነው። በኦሮምኛ "ኢንተላ ኮ" ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የእውነት ልጃቸው ግን አንዲት ብቻ ናት። እናቷ የሞቱት ገና ዳዴ ስትል ስለሆነ ያሳደጓት ከጎን ያሉት ጎረቤት ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። እማማ የራሳቸው ልጅ አልወለዱም። ልጅቷ ግብርና ተምራ፣ ደቡብ በረሃ ውስጥ ያለ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ላይ ተቀጥራለች። ካምፑ ውስጥ ስልክ አይሰራም። ቢሮው ኢንተርኔት ቢኖረውም ከኢሜይል በቀር ሌላው ሁሉ ዝግ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ዕቃ ለመግዛት ወደ ከተማ በሚወጣው መኪና ትወጣና ለአባቷ ትደውላለች።

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ልጅቷ ለዕድሩ ብላ ትታላቸው የሄደችው ነው። አድራሻዋ በጠራ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከስሩ "ለአባቴ ጉዳይ ብቻ" ይላል። ላፕቶፑ ላይ አድራሻውን ገለበጥኩ። ለታችኛው መስመር የሚሆን ዓምድ አልነበረኝምና ወረቀቱን መለስኩላቸው።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። የእኛ ዕድር ለሩቅ ቤተሰብ ሲጽፍ "አረፉ" አይልም። መርዶ በስልክም በጽሑፍም አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ዙሪያውን ይዞ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ሊቀመንበሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አጽፈውኛል፤ "ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ብትመጪ።" ርዕሱ ላይ ደግሞ "አስቸኳይ መልእክት" እላለሁ። የደረሰው ሰው ይገባዋል። "ምን ሆነው ነው?" ብሎ የጻፈልኝ አንድም ሰው የለም፤ ልብሱን ይዞ ይነሳል።

ጸሐፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ገበያው ቀዘቀዘ። ተሰፍቶ ያለቀለት መጋረጃ በየመንገዱ ዳር ተዘረጋና የእኔ የስፌት መኪናዎች ዝም አሉ። ያን ሰሞን ስለ ኢሜይል ማስታወቂያ የሚያስተምር ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው ጥሩ ተናጋሪ ነው። ደንበኛው በራችሁ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ እጁ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ ግቡ ይላል። ርዕሱን ሳይከፍተው እንዳያልፍ አድርጋችሁ ጻፉ ይላል። ደንበኛው ስልኩን ለምን እንደያዘ ግን ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ በሱቄ አድራሻ ላክኩ። ዞር ብሎ ያየው የለም። ከዚያ የዕድሩ አድራሻ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ክፍት ሆኖ አየሁት። ከዕድር የመጣን መልእክት ሳይከፍት የሚውል ሰው የለም። ይህን አውቄ ነው ያደረግኩት። በኋላ ለባለቤቴም ለሊቀመንበሩም "በስህተት ተላከ" ብያለሁ። ውሸቴን ነው። ርዕሱን እንኳ አልቀየርኩም። "አስቸኳይ መልእክት" አልኩና ከስሩ፣ ለኮንዶሚኒየም መስኮት በልኩ የተሰፋ መጋረጃ፣ ቤትዎ ድረስ መጥተን እንሰቅላለን ብዬ ለዝርዝሩ ሁሉ ላክኩ።

በዚያው ቀን ስልኬ መጮህ ጀመረ። ጀሞ ያለ አንድ አባል ደውሎ "ማን ሞተ ብዬ ከስብሰባ ወጥቼ ነው የከፈትኩት፤ ጭራሽ መጋረጃ?" አለኝ።

"መጋረጃ መሆኑ ከፋህ?" አልኩት።

ሳቀ። በሳምንቱ የልጆቹን ክፍል አሰራኝ። እኔን ያበላሸኝ የእሱ ሳቅ ነው። ሰው ከደነገጠ በኋላ ሲስቅ የተደሰተ ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ ወሰድኩት።

ጥሩምባ ነፊው ግን አልሳቁም። ወሬውን ሰምተው ሱቄ ድረስ መጡና በር ላይ ቆመው፣ አንድ ጊዜ አንድ ሥጋ ሻጭ የጾም መፍቻ ሲደርስ ሰፈሩን በጥሩምባ ዙሩልኝ ብሎ እንደለመናቸው ነገሩኝ።

"ምን አሉት?"

"በዚህ ጥሩምባ አንድ ቀን ሥጋ ከጠራሁበት፣ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሰሃን ይዞ ይወጣል አልኩት።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው እስክጨርስ ጠብቀው፣ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ሻይ እንኳ አልጋበዝኳቸውም።

ከሁለተኛው ማስታወቂያ በኋላ ከበረሃው መልስ መጣ። አጭር ነበር። "ጤና ይስጥልኝ። ይህን አድራሻ የሰጠሁት ለአባቴ ጉዳይ ነው። ርዕሱን ሳይ አባቴ የሞቱ መስሎኝ ነበር። እባክዎ ከማስታወቂያው ዝርዝር ያውጡኝ።" ሳነበው አንዲት ደንበኛ ከሁለት ዓይነት ክሬም ቀለም አንዱን መምረጥ አቅቷት ፊቴ ቆማለች። እሺ አወጣታለሁ አልኩ በልቤ። ግን ዝርዝሩ አንድ ነው። እሷን ካወጣሁ ከዕድሩም ልትወጣ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዝርዝር መስራት ነበረብኝ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ነገ አልኩ። ለፋሲካ ሦስተኛውን ላክኩ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል አራተኛውን። እሷ ዘንድ ሁለቱም ሄደዋል።

ሽማግሌው የሞቱት ክረምቱ መሃል ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የቆየ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ላሞቹ ሳይታለቡ ሲጮኹ እማማ ሰምተው ገቡና አገኟቸው። እኔ ሱቅ ሳልከፍት ላፕቶፑን ከፈትኩ። "አስቸኳይ መልእክት። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ብትመጪ።" ላክኩና ድንኳን ወደሚተከልበት ሄድኩ።

ማክሰኞ መልስ አልመጣም። ረቡዕ ረፋድ ላይም የለም። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተብሏል። ሊቀመንበሩ ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠሩኝ።

"ልጅቱ ተነግሯታል?"

"ማክሰኞ ጠዋት ጽፌላታለሁ።"

"መልስ ሰጠች?"

"አልሰጠችም። ግን ደርሷታል፤ ያልደረሰ ይመለሳል።"

አዛውንቶቹ ተያዩ። አንዱ፣ አስከሬኑን ሆስፒታል አስገብተን እስከ ዓርብ ብንጠብቃት ምን ይለናል አሉ። ሌላው፣ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እየመጣሁ ነው ትል ነበር አሉ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

ያ ደብዳቤዋ በዚያ ቅጽበት ትዝ አለኝ። ከማስታወቂያው ዝርዝር ያውጡኝ ያለችው። ግን ያን ካነሳሁ ማስታወቂያው ሁሉ በአዛውንቶቹ ፊት ሊነሳ ነው። "እርግጠኛ ነኝ" አልኩ። በእኔ ቃል ተነሱ፣ በእኔ ቃል ቀበሯቸው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው አንድ ሆነ። አውቃ ቀረች። የመንግሥት ደመወዝ አባቷን አስረሳት አለ አንዱ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ አልነበረችም። ከሁሉ የባሱት እማማ ነበሩ። ሳያለቅሱ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ "እኔ ያሳደግኳት እንዲህ አይደለችም ብዬ እንዳልሟገትላት አልመጣችም" አሉ። እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ንፍሮ ዞሮ ሲደርሰኝ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሽማግሌው ስልክ ድንኳኑ ውስጥ ጮኸ። እማማ ጭን ላይ ነበር። አዩትና ሳያነሱ ወደ እኔ ገፉት። "አንቺ ነሽ የጻፍሽላት፤ አንቺው አናግሪያት" አሉ። ይዤው ወጥቼ በጓሮ በኩል ከላሞቹ በረት አጠገብ ሄድኩ።

"አባዬ" አለች፣ አፌን ሳልከፍት። "ላሚቱ ወለደች?"

ድምጿ ይስቃል። ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። ላሚቱ ከፊቴ ቆማለች፤ አልወለደችም። ማንነቴን ነገርኳት። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። አባቷ ከተቀበሩ ከሦስት ቀን በኋላ "አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ብትመጪ" አልኳት።

"ሐኪም አይቷቸዋል? አሁን ያናግሩኝ" አለች።

"ተኝተዋል" አልኩ።

እንዳልሰማች ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ድንኳን ስመለስ "ምን አለች?" አሉኝ። እየመጣች ነው አልኩ። እሱን ብቻ። "ዛሬ ገና ትዝ አላት" አለ አንዱ፤ አላረምኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ደረሰች። ሌሊቱን በጭነት መኪና ተጉዛ ነው የመጣችው። በእጇ ለአባቷ የገዛችው የማር ማሰሮ ነበር። ድንኳኑን ከመንገዱ ላይ ስታየው ቆመች፤ ከዚያ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ጸጸት ነው አለ። ሴቶቹ ተነስተው አቀፏት። እማማ አልተነሱም። ጭናቸው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ የእማማ እጆች ምንጣፉ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። ልጅቷ የሐዘን ድንዛዜ መስሏታል።

ወደ ካምፑ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ሱቄ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከዚያ በፊት እርስዎ ነበር የምትለኝ፣ እትዬ ብላ። ያን ቀን ሰላምታም አልሰጠችኝም፤ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ግማሽ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው። ከዕድሩ አድራሻ የሚመጣው ሁሉ በራሱ አንድ ፎልደር ውስጥ እንዲገባ አድርጋ ነበር፤ ሦስተኛው መጋረጃ ሲመጣ። ፎልደሩን "ማስታወቂያ" ብላዋለች። አምስት መልእክቶች ተደርድረዋል። አምስቱም ርዕሳቸው አንድ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አልተከፈቱም።

"ከእነዚህ አባቴ የቱ ነው?" አለችኝ።

ቀኑ ተጽፏል፤ ማወቅ አቅቷት አልነበረም። ጣቴን አንስቼ ማሳየት አቃተኝ። ራሷ ከፈተችውና አነበበችው፤ አንድ መስመር ናት። ስልኩን ኪሷ ከተተች።

"ለምን አልጠበቁኝም? እስከምደውልበት ቅዳሜ ብቻ። ጠብቁ ያለ ሰው አልነበረም?"

ይህን ባልመልስ ይቀለኝ ነበር። "ነበረ" አልኳት። "ደርሷታል ያልኩት እኔ ነኝ። እርግጠኛ ነሽ ተባልኩ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩ።"

ቁጭ አለች። ለደንበኛ የማስቀምጣት በርጩማ ላይ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት።

"ስለዚህ ሰው ሁሉ አውቃ ቀረች ብሎ ነው የቀበራቸው።"

"አዎ።"

"እማማም?"

"እማማም።"

ያን ጊዜ ነው የእማማ እጆች ለምን እንዳልተነሱ የገባት። ተነሳች። "አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ ብናገር ሰበብ ይመስላል። ሁሉንም፣ በየቤታቸው ሄደሽ። በመልእክት እንዳይሆን" አለች። አንቺ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ከጸሐፊነቱ ልልቀቅ ብል ሊቀመንበሩ አልተቀበሉኝም። "መዝገቡን ያበላሸሽው አንቺ፣ የምታስተካክይውም አንቺ" አሉ። የዕድሩን ዝርዝር ከሱቁ ለየሁት። በእርግጥም ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው። የፕሮጀክቱን ዋና ቢሮ ስልክም አፈላልጌ ከስሟ ጎን ጻፍኩ።

ከዚያ መዞር ጀመርኩ። ከሥራ በፊት አንድ ቤት፣ ከሥራ በኋላ ሁለት። ጀሞ ውስጥ ሊፍት የሌለውን ፎቅ ሁሉ ወጥቼዋለሁ። አንኳኩቼ፣ ገብቼ፣ ተቀምጬ፣ "ልጅቷ አልሰማችም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" እላለሁ። አንዳንዱ ያዝንልኛል፣ ይህ ይብሳል። አንዱ አባወራ በሩ ላይ አቁሞ ሰምቶኝ፣ ዘጋብኝ። አንዲቱ ደግሞ እንባዋን እየጠረገች ሰምታኝ ስታበቃ፣ መጥተሽ ካልቀረ የሳሎኔን መስኮት ለኪልኝ አለችኝ። አልለካሁላትም። ሱቅ ነይ አልኳት።

በእነዚያ ደረጃዎች ላይ ስለ ንግድ ብዙ አሰብኩ። ሰው አድራሻውን ሲሰጥህ አብሮ ምክንያቱን ይሰጥሃል። ምክንያቱን ጥለህ አድራሻውን ብቻ ከያዝክ ሌብነት ነው፤ እኔ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። አሁን ሱቄ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። የፈለገ ሰው በገዛ እጁ ስልኩን ይጽፋል፣ ስለምን እንድደውልለት እንደሚፈልግም ይጽፋል። "አበባ ያለበት ነጭ ሲመጣ" ብላ የጻፈች አለች፤ ነጩ ሲመጣ ደወልኩላት፣ ሌላ ነገር አላነሳሁባትም። በአንድ ደረጃ ላይ አንድ ቤት በደንብ ከሰራሁ፣ ጎረቤቱ ሲገባ ያየውና ራሱ ይጠይቃል። ቀርፋፋ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ቢያየኝ ይስቅብኛል። እሱ ግን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ሲጮህ "ላሚቱ ወለደች?" የሚል ድምጽ አይሰማም። እኔ እሰማለሁ። የማንም ሱቅ ማስታወቂያ "አስቸኳይ" ብሎ ስልኬ ላይ ሲመጣ መቀሱን አስቀምጬ እቆማለሁ።

ሁሉንም ነገርኩ። አንድ ቤት ሲቀር። እማማን ለመጨረሻ አስቀምጫቸው ነበር፤ ለእሳቸው እኔው እነግራቸዋለሁ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ ብዬ ሁሉንም ለምኛለሁ። ቤታቸው ከሁሉ ይቀርባል፤ ጠዋት ማታ በበራቸው ነው የማልፈው። የሚከብደኝ የጀሞ አምስተኛ ፎቅ እንጂ ያቺ በር አይደለችም ብዬ ራሴን እያሞኘሁ ሩቅ ሩቁን ጨረስኩ። ልጅቷ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትደውልላቸዋለች፣ እሳቸው አያነሱም። ለእኔም ትደውላለች። "ለእማማ ነገርሽልኝ?" ትላለች። ገና ነኝ እላለሁ። አትቆጣም። እሺ ብላ ትዘጋለች።

አንድ ጊዜ ገብቻለሁ። የሽማግሌውን ላሞች የያዙት እሳቸው ናቸው። ወተት ልገዛ ነው የመጣሁት አልኩ። እየቀዱልኝ ሳያዩኝ "ያቺ ልጅ ትደውልልሻለች?" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ልነግራቸው ነበር፣ እምላለሁ። አንድ ወተት ገዢ ጣሳ ይዞ ገባ። ሰው ፊት አይሆንም ብዬ ወተቴን ይዤ ወጣሁ፤ ነገ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሊቀመንበሩ ደወሉልኝ። እማማ ከመኝታቸው አልተነሱም። ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ለፕሮጀክቱ ዋና ቢሮ ደወልኩ፣ እነሱ ካምፑን በሬድዮ አገኙት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ ከሚከፈተው የካምፑ የሳተላይት ስልክ ደወለችልኝ።

"እማማን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ብትመጪ" አልኳት።

ከዚህ ቀደም በድንጋጤ የጠየቀችኝን አልጠየቀችኝም። ሐኪም አላለችም፣ ያናግሩኝ አላለችም። "ነግረሻቸው ነበር?" አለች።

"አልነገርኳቸውም።"

መስመሩ ተቋረጠ።

ሊቀመንበሩ ማንንም ሳይጠይቁ አስከሬኑን ሆስፒታል አስገቡትና ሁለት ቀን ጠበቅናት። ቅዳሜ ጠዋት ደረሰች። ሳጥኑ ግቢው መሃል ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። በመካከላችን አልፋ ተንበረከከች። አልጮኸችም። ጉንጯን በእማማ ራስጌ በኩል እንጨቱ ላይ አስደግፋ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነበርኩና ሰማኋት። "አልሰማሁም ነበር፣ እማማ" ትላለች። "አባዬ ሲሞቱ አልሰማሁም ነበር። ብሰማ እመጣ ነበር።" ሰዎቹ ሳጥኑን ሊያነሱ ቀርበው፣ እስክትጨርስ ቆሙላት።